ጓንጉል መንገድ መሪ ሲያማርጥ

ጠጋ ጠጋ በሉ። አንቺም በሩን ገርበብ አድርጊው። ይኼ ነገር መብራት ባለበት አይወራም፤ እሰየው፣ መብራቱም ሄዶልናል።

ሰዓቱ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ነው። ጨረቃ የለችም። መንገዱ ወደ ቆላ የሚወርድ የጠጠር መንገድ ነው፤ በአንድ በኩል ገደል፣ በአንድ በኩል ግራር። ውሻ እንኳ አይጮኽበትም። ለማን ብሎ ይጩህ? በዚያ መንገድ አንዲት ነጭ ላንድክሩዘር ትሄዳለች። መሪውን የያዘው ጓንጉል ነው። ከኋላ ጋቢያቸውን የተከናነቡ ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ስንት ናቸው? ሦስት። ሦስት ብያለሁ።

ሰው በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ገደል ምን ይሠራል? አትጠይቁኝም? እሱን ልነግራችሁ ነው።

ጓንጉል የድሮ ሰው ነው። ድሮ ስላችሁ፣ ዛሬ ሁሉም ስልኩን እያየ መሄድ ከመጀመሩ በፊት ማለቴ ነው። የአስጎብኚ መኪና ሹፌር ነበር። መንዳቱንስ ተዉት! እንቁላል ጭኖ ዳገት ቢወጣ አንዱ አይሰነጠቅበትም። መንገድ ማወቅ ላይ ግን እግዜር ነስቶታል። ከተማ ውስጥ እንኳ ቤቴ ነው ብሎ የሰው ግቢ ፊት ክላክስ እያደረገ፣ እኩለ ሌሊት በር ያስከፈተ ሰው ነው። የማን በር እንደሆነ አልናገርም፤ ሰው ማማት አልወድም። የከፈትኩለት ግን እኔ ነኝ።

ይኼ ሰው ስመኝ የምትባል ልጅ ወደደ። እሷም ወደደችው። ምን ይደረግ ታዲያ? አባቷ አቶ ቸኮል ከቆላው ማዶ ነው የሚኖሩት። ሽማግሌ ይላካል። ላከ። ሽማግሌዎቹን ራሱ እየነዳ ወሰዳቸው፤ ወስዶም ሌላ መንደር፣ ሌላ ቤት ደጃፍ አወረዳቸው። እነሱ ምን ያውቃሉ? እንደ ወጉ ቆመው "ልጃችሁን ለልጃችን" አሉ። የዚያ ቤት ሴት ልጅ ደግሞ ገና ጡት አልጣለችም! የተባረሩበት ዱላ ድምፁ እስከዚህ ተሰምቷል።

አቶ ቸኮል ይኼን ሲሰሙ ምን አሉ?

"ቤቴን ማግኘት ያቃተው ልጄን ምን ብሎ ያኖርልኛል? የፊታችን እሑድ ፀሐይ ሳትወጣ ሽማግሌዎቹ ደጄ ካልቆሙ፣ ስመኝን ለባለ ወፍጮው እሰጣለሁ!"

ባለ ወፍጮው ጎረቤታቸው ነው። የእሱ ሽማግሌዎች በእግራቸው ነው የሚመጡት። መንገድ በየት በኩል ይጥፋቸው?

ስመኝ ደወለች። "ጓንጌ፣ በናትህ ሰው ጠይቅ።"

"ሹፌር መንገድ ይጠይቃል እንዴ?"

"እንግዲያው ሳትጠይቅ ቅር! ባለ ወፍጮው ግን አይጠፋም!" ብላ ዘጋችበት።

ጓንጉል ያን ቀን እህል አልቀመሰም። በማግስቱ ጂፒኤስ ሊገዛ ገበያ ወጣ። ያኔ ጂፒኤስ ብርቅ ነው። ሻጩ ፀጉሩን በቅባት ያስተኛ ጎረምሳ ነው፤ ሁለት መሣሪያ አወጣለት።

"ይቺ ለከተማ ናት" አለው ትንሿን ይዞ። "አደባባዩን፣ በአንድ በኩል ብቻ የሚኬደውን፣ ሁሉን ታውቃለች። ምላሷ ፈጣን ነው፤ አንዴ ትነግርሃለች፣ ትታጠፋለህ፣ አለቀ።"

"ገጠር ስወጣስ?"

"ገጠር ስትወጣ ዝም ትላለች።"

"ሲጨንቀኝ ዝም የምትለኝንማ ምን ላድርጋት? ያችኛዋስ?"

"እሷ ለአገር አቋራጭ ናት። ስክሪኗ ሰፊ ነው፣ ኔትወርክ አትፈልግም፣ የጠጠር መንገዱ ሳይቀር ተጭኖባታል። ከተማ ላይ ግን ዘገምተኛ ናት፤ አንዱን መታጠፊያ አስባ እስክትጨርስ አንተ ሦስቱን አልፈሃል።"

ጓንጉል ሁለቱን ፊቱ አስቀምጦ ብዙ አሰበ። ምን የጠየቀ ይመስላችኋል? ስለ ባትሪዋ? ስለ ዋስትናዋ? ምንም! "ስንት ጊዜ ትጣራለች?" አለ።

"ምን ማለት?"

"ታጠፍ ስትል። አንዴ ነው ወይስ ሦስቴ?"

ሻጩ አልገባውም። እናንተ ግን ይገባችኋል። እናታችሁ ምን ብላ አሳደገቻችሁ? "በጨለማ ስምህን የሚጠራ ቢኖር ሦስት ጊዜ ሳይጠራህ አቤት አትበል። ሰው ይደግማል፤ መንፈስ አይደግምም።" ሁላችንም ሰምተን ረስተነዋል፤ ጓንጉል አጥንት ውስጥ ግን ገብቷል። ቀንም ሆነ ሌሊት፣ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ "በዚህ ታጠፍ" ሲለው እስኪደገም ይጠብቃል። ሁለተኛውን ሲጠብቅ መታጠፊያው ያልፋል። ሦስተኛውን ሲጠብቅ አገሩ ያልፋል! በሽታው ይኼ ነበር እንጂ ዓይኑስ ደህና ነው።

ሻጩ ትልቋን ከፈተለት። አማርኛ ጭነውባታል። "ከሁለት ኪሎ ሜትር በኋላ ወደ ቀኝ ይታጠፉ" አለች። ቆየት ብላ "ከሁለት መቶ ሜትር በኋላ ወደ ቀኝ ይታጠፉ" አለች። ደግሞ "አሁን ወደ ቀኝ ይታጠፉ" አለች።

"ሦስት!" ብሎ ጮኸ ጓንጉል። ሊስማት ምንም አልቀረው። "ደግሞ 'ይታጠፉ' አለችኝ! አንቱ አለችኝ! እቺ ናት የኔ!"

"ካርታዋ ቆየት ያለ ነው፤ ሰኞ ብትመለስ አዲስ እጭንልሃለሁ" አለው ልጁ።

"ሰኞ? ሰኞማ ስመኝ ወፍጮ ቤት ናት!" አለና ይዟት ወጣ።

እንግዲህ ወደ ገደላችን እንመለስ። ሰዓቱ ስንት ነበር? አሥር፤ ለእሑድ አጥቢያ።

ከኋላ ያሉት አፈ ጉባኤው መሪጌታ ሐዲስ፣ ያልሄደበትን መንገድ ሁሉ አውቃለሁ የሚለው ባሻ ዘለለውና መኪና ላይ ራሱን እያዞረ የሚያስመልሰው አቶ ይመኑ ናቸው። አቶ ይመኑ ማስመለሻ ፌስታሉን እንደ ታቦት ሁለት እጁ ላይ አስቀምጧል።

"ከሁለት ኪሎ ሜትር በኋላ ወደ ቀኝ ይታጠፉ" አለች መሣሪያዋ።

ከኋላ ደግሞ ቀስ ያለ የሽማግሌ ድምፅ "ግራ ነው፣ ልጄ" አለ። አንዴ ብቻ።

"ባሻ፣ ግራ አሉኝ?" አለ ጓንጉል።

"እኔ? አፌንም አልከፈትኩ። ብከፍት ግን ቀኝ ነበር የምል።"

ትንሽ ሄዱ። መኪናው ውስጥ ብርድ ገባ፤ መስኮቱ ሁሉ ዝግ ነው። የረጠበ ጭቃ ሸተተ፤ ዝናብ ከጣለ ወር አልፎታል።

"ማነው የሚገፋኝ?" አለ አቶ ይመኑ። "መሪጌታ፣ ትንሽ ጠጋ በሉልኝ እንጂ!"

"እኔ ወዲህ ጥግ ነኝ፣ ባሻ ወዲያ ጥግ ነው። አንተ ለብቻህ አይደለህ እንዴ መሐል ላይ?"

"እንግዲያ ይኼ እርጥብ ጉልበት የማን ነው?"

የማን ነው? እናንተ ታውቃላችሁ? እነሱም አላወቁም።

"አሁን ወደ ቀኝ ይታጠፉ" አለች መሣሪያዋ፤ ሦስተኛዋ ነበረች። ጓንጉል ታጠፈ። ወረደ፣ ወረደ፣ ወረደ። ድንገት የፊት መብራቱ የሚያርፍበት አጣ። ፍሬን ረገጠ! መኪናዋ ተንሸራታ ቆመች። ፊት ለፊት ድልድይ ነበር፤ ድሮ። ጎርፍ ከወሰደው ስንት ክረምት ሆኖታል። የፊት ጎማዎቹ አፋፉ ላይ ናቸው፤ ታች ወንዙ ይሰማል።

"ቀጥታ ይሂዱ" አለች መሣሪያዋ። "ቀጥታ ይሂዱ። ቀጥታ ይሂዱ።"

ሦስቴ! ሰው ይደግማል ያለችው እናቱ ምነው ይኼን ባየች!

ጓንጉል የኋላ ማርሽ አስገባና ወደ ኋላ ለማየት ስፖኪዮውን ቀና አደረገ። ምን አየ? ጋቢ አየ። አንድ ጋቢ፣ ሁለት ጋቢ፣ ሦስት ጋቢ። አራት ጋቢ። አራተኛው ውሃ ያንጠባጥባል።

"ጓንጉል" አለ አራተኛው።

አንዴ። ደግሞ አልጠራም። ጠበቀ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? መሪጌታ ዳዊቱን ጀምሮ ጠፋበት። ባሻ ከወንበሩ ሥር ገባ። አቶ ይመኑ ፌስታሉን ሥራ ላይ አዋለው። ጓንጉል ደግሞ መስኮቱን አየ፤ ከተራራው ጀርባ ሰማዩ ሊገረጣ ነው። በዚች ሰዓት የባለ ወፍጮው ሽማግሌዎች ፊታቸውን እየታጠቡ ነው። ስመኝ በጭላንጭል ደጁን እያየች ነው። በአንድ በኩል ሦስቴ ተጣርታ ገደል የምትከት አለች፤ በሌላ በኩል አንዴ ተጣርቶ የሚጠብቅ ሙት አለ። የትኛውን ይምረጥ?

ዓይኑን ጨፈነና "አቤት" አለ።

"ተመስገን!" አለ ሙቱ። "ሰሚ አገኘሁ። አትፍራ ልጄ፣ እኔም ሽማግሌ ነኝ። የዛሬ ስንት ዘመን ሚስት ልጠይቅ ተልኬ ስሄድ ይኼ ወንዝ በላኝ። መልእክቴን ሳላደርስ እንዴት ልረፍ? ሽማግሌ የጫነ መኪና ባለፈ ቁጥር እሳፈራለሁ፤ አዲሱን መንገድ ከማንም አብልጬ አውቀዋለሁ። ግራ ነው እላለሁ፤ አንድም የሚሰማኝ የለም።"

"ታዲያ ለምን አይደግሙም አባባ?"

"ሽማግሌ ነኝ እኮ! ሽማግሌ አንዴ ነው የሚናገር። በቀቀን ነኝ?"

"ወደ ቀኝ ይታጠፉ" አለች መሣሪያዋ።

"ይቺ ሴትዮ ማን ናት? ወንዶች ሲነጋገሩ?"

"መሣሪያ ናት አባባ።"

"ዝም በላት። አሁን ግራ። ከሾላው በታች ውረድ። እኔን ታደርሰኛለህ፣ እኔም አደርስሃለሁ።"

ጓንጉል በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ቃል ታጠፈ። ግራ ሲለው ግራ፣ ቀኝ ሲለው ቀኝ። እሷ ከፊት "ወደ ኋላ ይመለሱ" እያለች፣ ሙቱ ከኋላ እየተቆጣት፣ ሰማዩ ሳይቀላ አቶ ቸኮል አጥር ደረሱ። የባለ ወፍጮው ሽማግሌዎች ፋኖስ ታች ከመስኩ ብልጭ ብልጭ ይላል። እነ ጓንጉል ቀድመዋል!

ጠያቂው ራሱ አይታይም፤ ነውር ነው። ጓንጉል አጥሩ ሥር ተጎንብሶ በቀዳዳ ያያል። ሽማግሌዎቹ ደጃፍ ቆሙ። አቶ ቸኮል ኩራዝ ይዘው ወጡ። መሪጌታ አፉን ከፈተ፤ ድምፅ የለም። ጓንጉል ከአጥሩ ሥር "ተናገሩ እንጂ!" እያለ ጭራሮውን ይነክሳል።

ያን ጊዜ አራተኛው ተናገረ። "የዚህን ቤት ልጅ፣ ደብሪቱን፣ ለልጃችን ለካሳ ልንጠይቅ መጥተናል።"

አቶ ቸኮል ኩራዙን ከፍ አደረጉ። የሦስቱ ጥላ ግድግዳው ላይ አለ። የአራተኛው የለም። እግሩ ሥር ውሃ አቁሯል።

"ደብሪቱ?" አሉ አቶ ቸኮል። "ደብሪቱማ አክስቴ ናቸው።"

ከጓዳ ከዘራ ኳ ኳ አለ። እትዬ ደብሪቱ ወጡ። ባል ሳያገቡ ያረጁ፣ ወገባቸው የጎበጠ አሮጊት። ሻሻቸውን አስተካከሉ፣ ሙቱን ከላይ እስከ ታች አዩት፣ ወዲያው ማን እንደሆነ ገባቸው።

"አሁን ነው የምትመጡት?" አሉ። "ጥርሴ ሙሉ ሳለ ደጅ ደጁን እያየሁ ጠበቅኋችሁ። ድድ ሲቀረኝ መጣችሁ?"

"መንገድ ላይ ውሃ ያዘን፣ እመቤቴ።"

"ካሳ እኮ ሌላ አግብቶ የልጅ ልጅ አይቷል! ናቀኝ ብዬ ስንት ለቅሶ አለቀስኩ!"

"አልናቀሽም። ልኮኝ ነበር። የቀረሁት እኔ ነኝ።"

እትዬ ደብሪቱ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ጓንጉል በቀዳዳው አየ፤ አገጫቸው ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ቀና አሉ። ጎበጥ ያለው ወገብ ሲቀና ብታዩት!

"አልፈልገውም በሉት" አሉ። ደግሞ ቶሎ ብለው፣ "ግን ሽማግሌ በአንድ ቀን ቁርጥ መልስ ተሰጥቶት ያውቃል? ወግ አለ። ለከርሞ በዚህ ቀን ተመለሱ፤ አስቤ እነግራችኋለሁ።"

አቶ ቸኮል ግን ወግ የሚያስቡበት ልብ አልነበራቸውም። "ስመኝን ሰጥቻለሁ!" ብለው ጮኹ። "ቀጠሮ የለም፣ ምን የለም! ውሰዷት! ብቻ ይኼን ሰውዬ ይዛችሁልኝ ሂዱ!" የባለ ወፍጮው ሽማግሌዎች በር ላይ ደርሰው ነበር፤ ሙቱን ሲያዩ ፋኖሱን ጥለው ሮጡ። ፋኖሱ እስከ ዛሬ አቶ ቸኮል ቤት አለ።

ስመኝ በሳቅና በለቅሶ መሐል ናት። ጓንጉል ከደስታው ብዛት መጎንበሱን ረሳ።

ሙቱ ጋቢውን ጨመቀ። "ለከርሞ ማን ያመጣኛል?" አለ። ቀስ ብሎ ዞሮ ወደ አጥሩ አየ። መሪጌታ ወደ አጥሩ አየ። ባሻ አየ፣ አቶ ይመኑ አየ፣ አቶ ቸኮል አዩ፣ እትዬ ደብሪቱም አዩ። አጥሩ ላይ የጓንጉል ራስ እንደ ቅል ተሰቅሏል።

"እኔ" አለ ጓንጉል። ምን ይበል?

ጓንጉልና ስመኝ ተጋቡ። ልጆች ወለዱ። በየዓመቱ ያቺ ሌሊት ስትመጣ ጓንጉል መኪናዋን ያስነሳል፤ ከኋላ ጭቃ ይሸታል። በየዓመቱ እትዬ ደብሪቱ ነጠላቸውን አጥበው ይጠብቃሉ፤ አልፈልገውም ይላሉ፤ ለከርሞ ይቀጥራሉ። እንዲህ አምሮባቸው አያውቅም ይላሉ ያዩአቸው።

በቀደም እዚህ ሰፈር አንድ መኪና የገዛ ሰው ጓንጉልን ሊያማክር መጣ። መኪናዋ ግቢው ውስጥ ቆማለች፤ በሯ ተቆልፏል፣ ማንም የለባትም።

"የቱን ጂፒኤስ ልግዛ?" አለው። "ከተማም እነዳለሁ፣ አገርም አቋርጣለሁ።"

"ለከተማ" አለ ጓንጉል፣ "ፈጣኗን ግዛ። ካርታዋን አሳድስ። ለአገር አቋራጭ ግን እኔ እንኳ መሣሪያ ትቻለሁ፤ ሌላ መንገድ መሪ አለኝ።"

"እሱን አታከራየኝም?"

ከተቆለፈችው መኪና ውስጥ ቀስ ያለ የሽማግሌ ድምፅ፣ አንዴ ብቻ፦

"ተይዣለሁ በለው!"

ያ ሰውዬ መኪናውን ሸጠ። ዛሬ በእግሩ ነው የሚሄደው፤ ያውም በቀን፣ ያውም ሰው ይዞ። እናንተም አሁን ወደየቤታችሁ ስትሄዱ፣ ብቻውን የሚወጣ እንዳይኖር።