ከኋላህ ያለው ያንተ ነው

አባ ቀስ በፍጥነት ሲነዳ ሞተ ሲባል ወሬውን ከሰሙት አንዳንዶቹ ሳቅ አመለጣቸው፤ ወዲያው ግን አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ በረሃ ላይ ሲነዳ አንድ ቀን እንኳ ቸኩሎ አያውቅም። ከአሸዋ ኮረብታ ሥር ሲደርስ መኪናውን ያቆማል፣ ይወርዳል፣ በእግሩ ጫፉ ድረስ ወጥቶ ማዶውን ያያል፤ ማርሽ የሚያስገባው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ሰው ነው እንግዲህ ጎህ ሲቀድ ከነመኪናው ከኮረብታ ጫፍ ወርዶ በአፍንጫው ተተክሎ የተገኘው።

ትራፊክ ፖሊስ «አደጋ» ብሎ ዘጋው። ያላመነችው አብራው የነበረችው ሐኪም ናት፤ መርማሪዋን በስልክ የጠራቻትም እሷ። መርማሪዋ ደግሞ መኪና የማይስማማት፣ ትንሽ መንገድ ከተሳፈረች የሚያቅለሸልሻት ሴት ነበረች። ከከተማው ዳር ወዳለው የበረሃ ነጂዎች ማኅበር ጋራዥ በእግሯ መጣችና ግቢው ውስጥ የቆመውን ስብርባሪ መኪና ሁለት ጊዜ ዞረችው።

«ራስ ቅሉ የተሰነጠቀው ከኋላ በኩል ነው» አለች ሐኪሟ። «መኪናው የወደቀው ግን በፊቱ ነው። ቀበቶው ታስሯል። ከጭንቅላቱ ኋላ ያለው የወንበሩ ትራስ ነው። ትራስ ደግሞ ሰው አይገድልም።»

«ስንት መኪና ነበራችሁ?»

«አራት። አባ ቀስ ከፊት፣ እኔ ቀጥሎ፣ መብረቅ ከኔ ኋላ፣ ደጀን መጨረሻ። መብረቅ የአባ ቀስ ልጅ ነው፤ ለምን እንደዚያ እንደተባለ ሲነዳ ያየ አይጠይቅም። ደጀን የአባ ቀስ የልብ ጓደኛ ነው። ሃያ ዓመት መጨረሻ ሆኖ የኖረ፣ የተቀበረውን መኪና ሁሉ በገመድ ጎትቶ የሚያወጣ ሰው።»

ግድግዳው ላይ በትልልቅ ፊደል «ከኋላህ ያለው ያንተ ነው» ተብሎ ተጽፏል። መርማሪዋ ቀና ብላ አየችው።

«ሕጋችን ነው» አለች ሐኪሟ። «እያንዳንዱ ሰው ከኋላው ያለውን መኪና በስፖኪዮው መስታወት ይጠብቃል። ካጣው ይቆማል። እስከ ዛሬ አንድም ሰው ጥለን አልመጣንም።»

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ጎማውን በጣቷ ጫን አደረገችው። «ይኼ የተነፈሰው በአደጋው ነው?»

«አይ፣ እኛው ነን የምናስተነፍሰው። ነፋሱ ሲቀነስ ጎማው ይሰፋል፤ አሸዋ ውስጥ አይሰምጥም። ጠጣር መሬት ሲደረስ መልሶ ይሞላል።»

«ሁላችሁም እኩል?»

ሐኪሟ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «እሱ እንደየሰው ጠባይ ነው። እኔ መጽሐፉ ባለው ልክ፣ በመለኪያ። መብረቅ እምብዛም አይነካውም፤ የላላ ጎማ በፍጥነት ሲታጠፉበት ከቸርኬው ይወልቃል። አባ ቀስ መካከለኛ ነበር፤ ከዚያ ወርዶ አያውቅም።» መለኪያዋን አውጥታ አንዱን ጎማ ለካች፣ ከዚያ ሌላውን። አራተኛው ላይ ስትደርስ ፈገግታዋ ጠፍቶ ነበር። «ይኼ ግን በጣም ወርዷል። አራቱም እኩል ናቸው። ቀዳዳ ቢሆን አንዱ ብቻ ነበር የሚተነፍሰው።»

«ክዳኖቹስ የት ሄዱ?» ነፋስ የሚሞላበት ቀዳዳ ላይ የሚጠመዘዙት ትንንሽ ጥቁር ክዳኖች አራቱም አልነበሩም።

«ስናስተነፍስ እንፈታቸዋለን። እኔ ከረጢት ውስጥ አስቀምጣለሁ፣ ደጀን ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ይከታል፣ መብረቅ ድሮ ነው የጣላቸው። አባ ቀስ መተርኮሻው ውስጥ ነበር የሚያኖራቸው።»

መተርኮሻው ባዶ ነበር። ወድቀው እንደሆነ ብለው ምንጣፉን ገልጠው፣ ወንበሩን አንስተው ፈለጉ፤ ከአሸዋ በቀር ምንም አላገኙም።

«ያን ጠዋት እስቲ ንገሪኝ።»

«ያደርነው ጠጠራማ ሜዳ ላይ ነው። አባ ቀስ እንደ ልማዱ ጎማውን ሞልቶ፣ ክዳኑን አጥብቆ ተኛ። እኛ ሦስታችን ‹ነገ አሸዋ ልንገባ ምን ያለፋናል› ብለን ተውነው። ጎህ ሲቀድ የመኪናውን ድምፅ ሰማሁ። ሁልጊዜም መንገድ ሊያይ ቀድሞን ይወጣል። ማን ይጠረጥራል?»

መርማሪዋ መብረቅን ያገኘችው ከጋራዡ ጀርባ፣ መኪናው ሥር ተኝቶ ነው። የሚሠራው ነገር አልነበረም፤ ከሰው ዓይን ተሸሽጎ ነው።

«ሰው ሁሉ አሁን ገዳዩ አንተ ነህ ይላል» አለችው።

«ሰው ይበል! እኔን የገደለችኝ እናቴ ናት። ቤት ስገባ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች።»

«ከአባትህ ጋር ተጣልታችሁ ነበር?»

ከመኪናው ሥር ወጥቶ ተቀመጠ። «እራት ላይ ‹ከነገ ጀምሮ ጡረታ ወጥቻለሁ› አለ። ከፊት መንዳቱን ለሐኪሟ ሰጣት። እኔን ‹አንተ አትነዳም፣ ትሸሻለህ እንጂ፤ መጨረሻ ሆነህ ትዕግሥት ተማር› አለኝ። ሰው ፊት! ደሜ ፈላ። ‹ከዛሬ ጀምሮ አባቴ አይደለህም› አልኩት። ከዚያ በኋላ አልተነጋገርንም።»

«ጋሼ ደጀንስ ምን ደረሳቸው?»

«ጋሼማ ‹አንተ ደክመሃል ወንድሜ፣ እኔ ጎን ተቀመጥና እረፍ› ነው የተባለው። ስቆ ‹እሺ› አለ። እሱ ምን ያጣል?»

የሟቹ ቤት ሰው ሞልቶታል። ደጀን ወንበር ይደረድራል፣ እንግዳ ይቀበላል፣ ውሃ ያቀርባል፤ ቤቱን ከባለቤቶቹ ይልቅ ያውቀዋል። ልጁ ሲወለድ እናቲቱን ሐኪም ቤት ያደረሳት እሱ ነው። መርማሪዋ ደጃፍ ላይ አነጋገረችው።

«ጎማ እንዴት ነው የሚያስተነፍሱት ጋሼ?»

«የኔማ እንደ ተኛች ላም ሆድ ዝርግት ነው! እነሱ አርሰው ያለፉትን አሸዋ የምነዳው እኔ አይደለሁ? በዚያ ላይ የሁሉ ዕቃ እኔ ጋ ነው። ሌላው ሊነዳ ይሄዳል፤ እኔ ልጎትት።»

«ጠዋት የት ነበሩ?»

«ሻይ እጥዳለሁ፣ ሌላ ምን እሆናለሁ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የኔ እመቤት፣ በልጁ ላይ አታክብጂበት። ደሙ ትኩስ ነው።»

«ምኑን ነው የማላከብድበት?»

«እንዲያው ነው» አለና ወንበሩን አንስቶ ገባ።

ሚስቲቱ መኝታ ክፍል ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣለች። መርማሪዋ አጠገቧ ተቀመጠችና ስለ ልጇ ጠየቀቻት።

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ ደጀን ነው የለመነኝ። ሬሳውን ይዘው የመጡ ቀን እግሬ ላይ ወድቆ ‹ልጅ ነው፣ ይቅር በይው› አለኝ። ያኔ ነው የገባኝ።»

«እትዬ፣ ያን ቀን እኮ ሁሉም አደጋ ነው ነበር የሚለው። ይቅር የሚባለው ምን አድርጎ ነው?»

ሴትየዋ የነጠላዋን ጫፍ ስትጠቀልል ስትፈታ ቆየች።

«የጎማው ክዳን ጠፍቷል» አለች መርማሪዋ ቀስ ብላ። «ያውቁታል?»

«እንዴት አላውቀው!» ፊቷ ለአንድ አፍታ በራ። «አንድ ጊዜ ከሰው ክዳን ጋር ተቀላቅሎበት ‹የኔን ማን ወሰደው› እያለ ጨቀጨቀኝ። በጥፍር ቀለሜ ነጥብ አደረግሁለት፣ በቀዩ። ወንዶቹ እንዳይስቁብኝ ብሎ በውስጥ በኩል ነው ያስደረገኝ። ከሁለታችን በቀር የሚያውቅ የለም።»

በማግሥቱ ሁሉም ጋራዡ ግቢ ተሰበሰቡ። ሚስቲቱን ደጀን ክንዷን ይዞ አመጣት። መብረቅ ብቻውን ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ሁለት ፖሊሶች በሩ አጠገብ ነበሩ።

«እኔ መንዳት አላውቅም» አለች መርማሪዋ። «ስለዚህ ስሳሳት አርሙኝ። አባ ቀስ ጠጠሩ ላይ ጎማውን ሞልቶ አደረ። ጠዋት መኪናው የተገኘው አሸዋ ውስጥ ነው፤ ጎማው ተንፍሷል። ማን አስተነፈሰው?»

«እሱ ነዋ» አለ ደጀን። «ሌላ ማን?»

«እኔም እንዲያ ባልኩ ነበር። ግን ልኩ የሱ አይደለም። እዚህ ግቢ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ በእጅ ጽሑፉ ቢዋሽ በጎማው አይዋሽም። አባ ቀስ መካከለኛ፣ ሐኪሟ በመጽሐፉ ልክ፣ መብረቅ ከሁሉም ጠንካራ። የተገኘው ጎማ ከሁሉም የላላ ነው፤ እንደ ተኛች ላም ሆድ።»

ደጀን ሳቀ። «በነፋስ ሰው ይከሰሳል እንዴ? ማንም ሰው ሊያወርደው ይችላል።»

«ልክ ነዎት፤ ነፋስ ማስረጃ አይሆንም። ክዳን ግን ይሆናል። ያስተነፈሰው ሰው አራቱን ክዳኖች ፈትቶ መኪናው ውስጥ አልተዋቸውም። እጁ እንደለመደው የሆነ ቦታ ከተታቸው። ዶክተር፣ ሬሳውን ይዛችሁ ስትመለሱ አስፋልት ላይ ምን አደረጋችሁ?»

«ጎማችንን ሞላን።»

«ጋሼ ደጀንስ?»

«እሱም ሞላ። ክዳኖቹን ከሸሚዝ ኪሱ አውጥቶ ሲያጠብቅ አይቼዋለሁ፤ እያለቀሰ ነበር።»

«አዎ፣ እያለቀሱ። ለዚህ ነው ያልቆጠሩት። የራስዎ አራት ክዳን ከቀድሞው ቀን ጀምሮ ኪስዎ ውስጥ ነበር፤ ምክንያቱም ጎማዎን አልሞሉም። ጠዋት የሱን አራት ጨመሩበት። አስፋልት ላይ እጅዎ ያገኘውን አጠበቁ፤ የተረፈውን ‹የሱ ነው› ብለው ጣሉት።» ወደ ሚስቲቱ ዞረች። «እትዬ፣ እስቲ የጋሼን ክዳኖች ይፍቱልን።»

ሴትየዋ ደጀን ክንዷን እንዲለቃት ጠበቀች። እሱ ግን ለመልቀቅ ዘገየ። ከዚያ ወደ መኪናው ሄዳ ተንበረከከች፤ የመጀመሪያውን ፈትታ አየችው፣ ጣለችው። ሁለተኛውንም። ሦስተኛውን ስትገለብጠው ቀዩ ነጥብ መዳፏ ላይ ታየ።

 ደጀን ራሱ ነጥቡን ደጋግሞ አየው፤ ከመያዙ ይልቅ ያስገረመው የነጥቡ መኖር ይመስል ነበር።

«እነዚህ ክዳኖች ባልና ሚስቱ ብቻ የሚያውቁት ምልክት አለባቸው» አለች መርማሪዋ። «አባ ቀስ አሸዋው ዳር ቆሞ፣ እንደ ልማዱ ወርዶ ማዶውን ሲያይ ከኋላው፣ ምናልባትም መኪና በሚነሳበት በክሪክ ብረት፣ ተመታ። ገዳዩ መኪናውን ኮረብታው ላይ ለማውጣት ጎማውን ማስተንፈስ ነበረበት፤ እጁ የሚያውቀው ደግሞ የራሱን ልክ ብቻ ነው። ሬሳውን ከመሪው ኋላ በቀበቶ አስሮ መኪናውን ቁልቁል ለቀቀው። ቅርብ ነውና በእግሩ ተመልሶ ሻይ ጣደ። ዱካውን ነፋስ አጠፋለት። የቀረው ጥፋቱን የሚሸከም ሰው ነበር፤ ለእሱም ማታ የጮኸ ልጅ ተገኘ።»

«ሃያ ዓመት!» አለ ደጀን። ድምፁ ከሌላ ሰው የመጣ ይመስል ነበር። «ሃያ ዓመት አቧራውን በላሁ። ‹አንድ ቀን የፊቱ ቦታ ያንተ ነው› ይለኝ ነበር። ለትናንት መጪዋ ሰጣት! መጨረሻዬን እንኳ ነጥቆ ለልጁ ሰጠው፣ እንደ ቅጣት። የኔ ዕድሜ ለሱ ቅጣት ነበር ማለት ነው። ጠዋት አብሬው ሄጄ ለመንኩት። ‹ደክመሃል› አለኝ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ። ዞር ብሎ እንኳ አላየኝም።»

«ለምን ይዞራል?» አለች ሚስቲቱ። ከተንበረከከችበት አልተነሳችም። «ከኋላው አንተ ቆመህ ለምን ይዞራል?»

ደጀን አንገቱን ደፋ።

«ባሌን ገደልክ። በዚህ እግዜር ይፍረድ። ልጄን ግን በገዛ እጄ ነው ያስጣልከኝ። ቤቴ ገብተህ፣ እግሬ ላይ ወድቀህ፣ እያለቀስክ!»

ፖሊሶቹ ወሰዱት። በሩ ጋ ሲደርስ ግድግዳው ላይ ያለውን ጽሑፍ እንዳያይ ይመስል ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ።

መብረቅ ካለበት አልተነቃነቀም። እናቱ ወደ እሱ ሄደች፤ ልትይዘው እጇን ዘረጋችና መሃል ላይ ተወችው።

«አንቺም አመንሽ» አላት።

«አመንኩ» አለች። «ምን እልሃለሁ ልጄ፣ አመንኩ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን በሩን ደርግሞ በሄደ ነበር። አሁን ግን የመኪናውን በር ከፍቶላት ቆመ። ገባች። ከግቢው ቀስ ብሎ ወጣ፤ እንደ አባቱ፣ ከኋላ የመጡት ክላክስ እየነፉ ሲያልፉት አልተቆጣም። አንድ መታጠፊያ ካለፉ በኋላ መንገዱ ባዶ ሆነ። መብረቅ መኪና መንዳት ከጀመረ አንስቶ እንደሚያደርገው ቀና ብሎ ስፖኪዮውን አየ። እዚያ ውስጥ ሁልጊዜ የደጀን መኪና ነበር።

እንደ ሕጉ ዳር ይዞ ቆመ። እናቱ ለምን እንደቆመ አልጠየቀችውም።