ጨው ያልነካው እጅጌ

አቶ ተከስተ የሞቱት መጋቢት ወር ላይ፣ በአንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ካዛንቺስ በሚገኘው ቤታቸው ሳሎን ውስጥ ነው። የወደቁት ከባሕራቸው ሥር ነበር። ባሕር ብሎ የሰየመው ሰፈርተኛው ነው፤ እየሳቀ። ነገሩ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተዘረጋ፣ አፉ ደረት ላይ የሚደርስ የመስታወት ገንዳ ነው። ውስጡ ጨዋማ ውሃና ኮራል አለ፤ ከኮራሉ መሃል ደግሞ አምስት ግዙፍ ዛጎሎች። በአንገት የሚንጠለጠለው ትንሹ ዛጎል አይደለም። ትልቁ የሰው ክንድ ያህል ይረዝማል፤ ሁለት ክዳኑን ከፍቶ ሰማያዊ ሥጋውን ለብርሃን ሲያሰጣ ይውላል፤ ጥላ ካረፈበት ይከደናል።

አቶ ተከስተ በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ጠላቂ ነበሩ። ያ ዘመን ካለፈ በኋላ የባሕር በር በሌለው አገር ዋና ከተማ፣ ባሕር ይዘው ዘጠኝ ዓመት ኖሩ። «አበዱ» ሲባሉ «ዕብደቴ ይመቸኛል» ይሉ ነበር።

ልጃቸው መብርሂት በምሳ ሰዓት ስትመጣ አባቷን ወለል ላይ አገኘቻቸው። የገንዳው መብራት ውሃ ውስጥ ወድቆ ፊውዙ ተቃጥሏል። ቀኝ እጅጌያቸው እስከ ትከሻ ርሷል፤ የራስ ቅላቸው ከኋላ ተሰንጥቋል። ቀድመው የደረሱት ፖሊሶች ጉዳዩን በአንድ ገጽ ጨረሱት፦ እጃቸውን ውሃ ውስጥ እንደከተቱ መብራቱ ወደቀ፤ ኤሌክትሪክ ያዛቸው፤ ወደ ኋላ ሲወድቁ ጭንቅላታቸውን የገንዳው መወጣጫ ደረጃ መታቸው።

ዓርብ ዕለት ኮማንደር ሊካሳ ያንን ገጽ ኢንስፔክተር አየለች ፊት አስቀመጠው።

«ፈርሚበትና ይዘጋ።»

«ቦታውን ሳላይ አልፈርምም።»

«አደጋ ነው እኮ፣ አየለች!»

«አደጋ ከሆነ አደጋ ነው ብዬ እፈርማለሁ። ዓይቼ።»

አየለች ቂርቆስ ተወልዳ ያደገች፣ ወንጀል ምርመራ ላይ ሃያ ዓመት የሞላት፣ አጭር ሴት ናት። ሰው ሲያወራ አትጽፍም፤ ዓይን ዓይኑን እያየች ትሰማውና ታክሲ ውስጥ ገብታ ትጽፋለች። አለቆቿ ይህን አይወዱላትም። እሷም ይወዱልኝ ብላ አታውቅም።

ቅዳሜ ለቅሶ ቤቱ ስትደርስ ድንኳኑ ሞልቷል። መብርሂት ግን ሳሎን ውስጥ፣ ጥቁር ቀሚሷን እንደለበሰች፣ ክንዷን ገንዳው ውስጥ ከትታ አንዱን ዛጎል ታስተካክላለች።

«ዘመዶቼ ‹አባቷ ሞቶ እሷ ዛጎል ትጠብቃለች› እያሉ ነው» አለች ሳትዞር። «ይበሉ። እነዚህን ብተዋቸው አባቴን ሁለተኛ መግደል ነው። ደግሞ ይስሙኝ፣ አባቴ በግዴለሽነት አልሞተም። መብራቱን ከሶኬት ሳይነቅል እጁን ከቶ አያውቅም።»

«ለፖሊሶቹ ነግረሻቸዋል?»

«ነግሬያቸዋለሁ። አጽናኑኝ።»

መብርሂት ክንዷን አውጥታ ስትጠርግ አየለች የቀሚሱን እጅጌ አየች። ጥቁሩ ጨርቅ ላይ ነጭ ቀለበቶች ተደራርበዋል።

«ይሄ ነጩ ምንድነው?»

«ጨው ነው። ማለቴ፣ ከሐሙስ ጀምሮ ልብስ አልቀየርኩም። የባሕር ውሃ ሲደርቅ እንዲህ ነው የሚሆነው። የአባቴ ሸሚዞች ሁሉ ቀኝ እጅጌያቸው ነጭ ነው፤ ካልታጠበ አይለቅም።»

አየለች እጅጌውን በጣቷ ዳሰሰችው። ዓይኗ ገንዳው አጠገብ ወደቆመ ቢጫ ጀሪካን ሄደ።

«እዚህስ ውስጥ ምን አለ?»

«ማሟያ ውሃ። የተጣራ፣ ጨው የሌለው። ውሃው ሲተን ጨው አብሮ አይተንም፣ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ በየጠዋቱ የጎደለውን በንጹህ ውሃ እንመልሳለን። ጨዋማ ከጨመሩበት ጨው በጨው ላይ ይደረብና ዛጎሎቹ ያልቃሉ።»

«በቀን ስንት ይጎድላል?»

«ሊትር ተኩል ነበር። ማክሰኞ ሙቀቱ በዛና አባቴ ገንዳው ላይ ማራገቢያ ገጠመ፤ ነፋሱ ውሃውን ቶሎ ያተነዋል። ረቡዕ ደውሎ ‹ዛሬ ሁለት ሊትር ከሩብ ጠጣ› አለኝ፤ እየሳቀ። ደብተሩ ላይ ይጽፈዋል።»

«ደብተሩ የት አለ?»

መብርሂት ባዶውን ጠረጴዛ አሳየቻት። «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እዚህ ነበር። ከሐሙስ ወዲህ የለም።»

ከመውጣቷ በፊት አየለች ግድግዳው ላይ ያለውን መደርደሪያ ቃኘች። ላዩ ላይ ከአቶ ተከስተ ዛጎሎች መጀመሪያ የሞተው ባዶ ቅርፊት ተቀምጧል፤ ጠርዙ ሞገድ ሞገድ የሆነ፣ እንደ ወፍጮ መጅ የሚከብድ። መደርደሪያው በአቧራ ተሸፍኗል። ቅርፊቱ ግን ፈጽሞ አቧራ አልነካውም። በላስቲክ ጠቅልላ ወሰደችው።

ኤግዚቢት ክፍል ገብታ የሟቹን ሰማያዊ ሸሚዝ ከወረቀት ከረጢቱ አወጣች። ደርቋል። ቀኝ እጅጌውን መስኮት ላይ ዘርግታ አየችው፤ የነጭ ምልክት የለበትም። ከዚያ ጫፉን በምላሷ ነካችው።

«ኢንስፔክተር! ምን እያደረጉ ነው?» አለ የክፍሉ ኃላፊ ደንግጦ።

«እየቀመስኩ። አልጫ ነው።»

ኮማንደር ሊካሳ ሲሰማ ራሱን ያዘ። «መዝገብ በምላስሽ ነው የምትከፍቺው?»

«ላብራቶሪው ይድገመው። የሰውየው እጅ ባሕሩ ውስጥ አልገባም። እጅጌውን ሌላ ውሃ አፍስሶ ያራሰው ሰው አለ። በኤሌክትሪክ የሞተ እንዲመስል የፈለገ ሰው።»

«ካልሆነስ?»

«ካልሆነ ማዕረጌን ይቀንሱት። አሁን ግን አይዝጉብኝ።»

እዚያ ቤት ከልጃቸው ሌላ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ የሚገቡት። አንደኛው ኑሪ ነው፤ ኦሎምፒያ ሰፈር ዓሣና የአኳሪየም ዕቃ የሚሸጥ ወጣት ነጋዴ። ጎረቤት ባለሱቆች ረቡዕ ዕለት አቶ ተከስተ ሲጮሁበት ሰምተዋል።

«አልክድም፣ ጮኸውብኛል» አለ ኑሪ። «እውነታቸውን ነው። መስቀል ፍላወር አካባቢ አዲስ ለሚከፈተው ሆቴል ስምንት ዛጎል ሸጥኩ። አምስቱ ሞቱ። ጋሽ ተከስተ ‹ለሞት ነው የሸጥካቸው› አሉኝ። በቃ፣ አንገቴን ደፋሁ።»

«ምን ገደላቸው?»

«እኔ እንጃ። ጨው አነሳቸው እንዳልል፣ ጨው በየሳምንቱ በጆንያ ይወስዳሉ። ጋሽ ተከስተ አንድ ጆንያ ለሦስት ወር ነበር የሚበቃቸው።»

«የሆቴሉ ገንዳ ስንት እጥፍ ቢሆን ነው?»

«እጥፍም አይሞላ።» ኑሪ ይህን ብሎ፣ የገዛ ቃሉን ገና መስማቱ ይመስል ግንባሩን ቋጠረ።

ሁለተኛው ሰው እዚያው ሆቴል ነበር የተገኘው። አቶ ወልደአረጋይ ይባላል፤ ሃምሳ ዓመት የሚሆነው፣ ሱፉ የተተኮሰ፣ አነጋገሩ የለሰለሰ ሰው። መግቢያው ላይ ከገንዳው በላይ በተሰቀለው የናስ ሰሌዳ ላይ ስሙ ተቀርጿል፦ «የባሕር ሕይወት ከፍተኛ ባለሙያ»። ሆቴሉ ሊመረቅ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ገንዳው ውስጥ ሦስት ዛጎሎች ክዳናቸውን ገርበብ አድርገው ተጋድመዋል።

«አቶ ተከስተ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ጠላቂ እንጂ ባለሙያ አልነበሩም» አለ። «ብዙውን እኔ ነኝ ያሳየኋቸው።»

«መጨረሻ የተገናኛችሁት መቼ ነው?»

«ከወር በላይ ሆኖናል። ስልክም አልተደዋወልንም፤ ሥራ ወጥሮኝ።»

«እኔ ስለዚህ ነገር ምንም አላውቅም» አለች አየለች። «ገንዳቸው ምን ዓይነት እንክብካቤ ነበረው?»

ወልደአረጋይ ጥያቄው ተመቸው። «ሥርዓት ነው ዋናው። በቀን አሥር ሰዓት ብርሃን። ሙቀቱ ሃያ አምስት ዲግሪ። በየጠዋቱ ሁለት ሊትር ከሩብ የባሕር ውሃ ይመለስለታል። ቀመሩን ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ።»

አየለች አመስግና ወጣች። ታክሲ ውስጥ ሁለት መስመር ጻፈች፤ ሁለቱንም አሰመረችባቸው።

ማክሰኞ ጠዋት ሁሉንም የሟቹ ሳሎን ውስጥ ሰበሰበቻቸው። መብርሂት ገንዳውን ተደግፋ ቆመች። ኑሪ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ወልደአረጋይ ሰዓቱን አሥሬ ያያል። ኮማንደር ሊካሳ በሩ ላይ ክንዱን አጣምሮ ቆሟል።

«ከእጅጌው ልጀምር» አለች አየለች። «ላብራቶሪው አረጋግጧል፤ ሸሚዙ ላይ ጨው የለም። አቶ ተከስተ እጃቸውን ገንዳው ውስጥ አልከተቱም። ስለዚህ ኤሌክትሪክ አልያዛቸውም። የገደላቸው ይኸኛው ነው።» የቅርፊቱን ፎቶግራፍ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ታጥቦ ወደ ቦታው ተመልሷል። ስንጥቆቹ ውስጥ ግን ደማቸው ተገኝቷል።»

መብርሂት አፏን በእጇ ያዘች።

«ገዳዩ አደጋ ሊያስመስለው ፈለገ። መብራቱን ውሃው ውስጥ ጣለ። ሬሳ አንስቶ ክንዱን ደረት ላይ የሚደርስ ገንዳ ውስጥ መክተት ከባድ ነው፤ ስለዚህ አጠገቡ ያገኘውን ጀሪካን እጅጌው ላይ አፈሰሰ። የባሕር ውሃ መስሎት። መብርሂት፣ ጀሪካኑ ውስጥ ያለው ምንድነው?»

«ንጹህ ውሃ።»

«ኑሪ፣ ታውቅ ነበር?»

«ማንም ዛጎል ያሳደገ ሰው ያውቀዋል።»

«እሺ። ከሦስታችሁ ይህን የማያውቅ አንድ ሰው ነው። በየጠዋቱ የባሕር ውሃ ይመለሳል ብሎ ራሱ ነገረኝ። በሆቴሉም እንደዚያው ሲያደርግ ቆይቷል፤ ጨው በየሳምንቱ በጆንያ ያለቀው፣ አምስቱም ዛጎሎች የሞቱት በዚህ ነው።»

«ይሄ ስድብ ነው!» ወልደአረጋይ ብድግ አለ። «የአፍ ወለምታ ሰው ያስከስሳል?»

«ወለምታ ይሁን። ሁለት ሊትር ከሩቡስ? እስካለፈው ሳምንት ማክሰኞ ድረስ የሚጎድለው ሊትር ተኩል ነበር። አዲሱ ልክ ረቡዕ ነው ደብተሩ ላይ የሰፈረው። እርስዎ ደግሞ ከወር በላይ አልተገናኘንም፣ አልተደዋወልንም ብለውኛል። ሐሙስ የጠፋውን ደብተር ካላነበቡ በቀር ልኩን ከየት አገኙት? አቶ ተከስተ የጻፉት ‹ውሃ መለስኩ› ብለው ብቻ ነው፤ ምን ዓይነት ውሃ እንደሆነ መጻፍ ለሳቸው ምን ያደርጋል? እርስዎ በራስዎ ግምት ሞሉት።»

«ደብተሩን አላየሁትም! ደግሞ ምን እንደተጻፈበት አንቺስ በምን አወቅሽ?»

«አሁን እያነበብኩት መጣሁ» አለች አየለች፤ ከቦርሳዋም ጠርዙ ጨው የበላው ወፍራም ደብተር አወጣች። «ዛሬ ማለዳ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ቢሮዎ ተፈትሾ ነበር። መሳቢያዎ ውስጥ ቆልፈው ማቆየትዎ ደግ ነው።»

ወልደአረጋይ ተመልሶ ተቀመጠ። ሲናገር ግን ድምፁ አልተሰበረም።

«ለመንኩት። ሁለት ሳምንት ነው የቀረኝ፣ አንዱ ሲሞት ሌላው ይከተላል፣ ደብተሩን አውሰኝ አልኩት። ‹ሰሌዳህን አውርደህ ና፣ ከሀ ጀምሬ አስተምርሃለሁ› አለኝ። እኔን! በዚህ ዕድሜዬ! ዘጠኝ ዓመት እዚህ ጉሮኖ ውስጥ የደበቀውን ለሕዝብ ያሳየሁት እኔ ነኝ። ያለ እኔ ማን ያውቀው ነበር?»

መብርሂት እስከዚያች ሰዓት «እርስዎ» ነበር የምትለው።

«አንተ!» አለችው። «አባቴ ሊያስተምርህ እሺ ብሎህ ነበር። እሺ ያለህን ሰው ነው የገደልከው።»

ኮማንደር ሊካሳ ካቴናውን ራሱ አወጣ። ሲወጡ አየለች ጎን ጥቂት ቆም ብሎ «ፊርማሽን ያዘገየሽው ለደግ ነው» አላት። «አላዘገየሁም፤ እንቢ ነው ያልኩት» አለችው።

ሆቴሉ በቀኑ ተመረቀ። መኪኖች ተደርድረው፣ እንግዶች ገና እየገቡ ሳለ፣ መብርሂት ጥቁሯን እንደለበሰች ከኑሪ ጋር መጣች። ገንዳው ፊት ወንበር ስባ ላዩ ላይ ቆመችና የናስ ሰሌዳውን ብሎን በካቻቢቴ ትፈታው ጀመር። ጥበቃው «እባክሽ እህቴ» አላት። አልሰማችውም። ሥራ አስኪያጁ እየሮጠ ደረሰ።

«የአባትሽን ስም እናስቀርጽበታለን። ቃሌ ነው።»

«የአባቴ ስም የሞተ ዛጎል ላይ አይለጠፍም። የተረፉትን ሦስቱን ስጡኝ።»

ሥራ አስኪያጁ እንግዶቹን አየ፤ እሷን አየ፤ ከዚያ በጭንቅላቱ የእሺታ ምልክት ሰጠ። ኑሪ ዛጎሎቹን አንድ በአንድ እያወጣ ባልዲ ውስጥ አስገባቸው። መብርሂት ባልዲውን አንስታ በሁለት እጇ አቀፈችው።

«በጓሮ በኩል ይውጡ» አለ ጥበቃው ቀስ ብሎ። «እንግዶች አሉ።»

«በገባሁበት እወጣለሁ» አለች፤ ሱፍና ሐር በለበሰው ሰው መሃል፣ ውሃው እየተንጠባጠበባት፣ ቀጥ ብላ በዋናው በር ወጣች።