አሥራ አራቱ ማስጠንቀቂያዎች

ሟቹ የተገኘው የብረቱን በር ተደግፎ እንደተቀመጠ ነው። በሩን ሲደበድብ የቆየባቸው እጆቹ ቆዳቸው ተልጧል። የመድኃኒት መጋዘኑ ማቀዝቀዣ ክፍል ከዜሮ በታች ሃያ ዲግሪ ነው፤ እሱ የለበሰው ስስ ሸሚዝ ነበር። የበሩ የውስጥ እጀታ ከተሰበረ ሁለት ወር አልፎታል። «ነገ ይሠራል» ሲባል ስለከረመ ሠራተኞቹ የራሳቸውን መላ ዘይደዋል፤ የሚገባ ሰው በሩ እንዳይዘጋበት ከሥሩ የእንጨት ሽብልቅ ይወትፋል። የዛሬው ሽብልቅ ከበሩ ውጭ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። በሩ አስፈንጥሮት ቢሆን ኖሮ ተጋድሞ ይገኝ ነበር።

መርማሪዋ ይህን አይታ ሠራተኞቹ ወደተሰበሰቡበት አዳራሽ ገባች። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል። ስለ ቅጥነቷ ነው ብለው ይምላሉ፤ እሷ ግን ስለ ምላሷ እንደሆነ አታጣውም።

የመጋዘኑ ኃላፊ ሳይጠየቅ ጀመረ። «ነገሩ ግልጽ ነው። ሰው በካርዱ ገብቶ ውስጥ ከሃያ ደቂቃ በላይ ከቆየ በየአሥር ደቂቃው ለዘበኛው ስልክ ማስጠንቀቂያ ይላካል። አሥራ አራት ጊዜ ተልኮለታል! ስልኩን ዘግቶ ተኝቶ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ሲከፍተው ሁሉም ተግተልትለው ገቡ።»

ዘበኛው የሟቹ ሚስት አባት ነው። በሩን ከፍቶ አስከሬኑን ያገኘውም እሱ ነው። አሁን ፖሊስ አጠገቡ ቆሞ፣ እጁን ጭኑ ላይ አጣምሮ ተቀምጧል።

«አባባ፣ ስልክዎን ዘግተው ነበር?»

«አልዘጋሁም ልጄ። አልተኛሁም። ማን ያምነኛል?»

ልጁ ከአዳራሹ ሌላ ጫፍ ተቀምጣለች። አባቷን ዞር ብላ አላየችውም።

«ባሌን የአባቴ እንቅልፍ ገደለው ይሉኛል» አለች። «ምን ልበል? ማንን ላልቅስ?»

«ዛሬ ለአባትሽ ደውለሽለት ነበር?»

«አራት ተኩል ላይ። ልጆቹን ከትምህርት ቤት ማን ያምጣ ልለው።»

«አነሳ?»

«አዎ፣ ወዲያው ነው ያነሳው።»

መርፌ ሰዓቱን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች። ሴትዮዋ ከአፏ የወጣውን ገና አልሰማችውም።

ቀጥሎ የኔትወርክ ባለሙያው ተጠራ፤ ሠራተኛው ሁሉ «ሽቦ» ይለዋል። ጎልማሳ ነው፤ ዓይኑ ቀልቷል።

«ሟቹ ያስተዳድረው የነበረው ዳታቤዝ፣ የማቀዝቀዣው መዝገብና ማስጠንቀቂያ ሁሉ የሚገባበት፣ እዚሁ ምድር ቤት ነው ያለው» አለ። «መልእክቱን ወደ ስልክ የሚልከው ፕሮግራም ግን ክላውድ ላይ፣ በኢንተርኔት የሚደረስ የሌላ ድርጅት ኮምፒውተር ውስጥ ነው፣ የት አገር እንደሆነ እንኳ እኔም አላውቅ። ሁለቱን የሚያገናኝ ትንሽ ፕሮግራም አለን፣ ድልድይ እንለዋለን። ከዳታቤዙ ያነሳል፣ ለክላውዱ ያቀብላል።»

«ዛሬስ ምን ነካው?»

ሽቦ አንገቱን አከከ። «እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኛ ነው። ድልድዩ ዳታቤዙ ውስጥ የሚገባበት የራሱ ስምና ፓስወርድ ሊኖረው ይገባ ነበር። ስንተክለው ለሙከራ ብለን በሟቹ ስም አስገባነው፤ እንደዚያው ቀረ። ዛሬ የሟቹ ፓስወርድ ሲቀየር ድልድዩ በአሮጌው እያንኳኳ ደጅ ቀረ። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል አይቼ አዲስ ሰጠሁትና ተነሳ።»

«በመሃል የነበሩት ማስጠንቀቂያዎች?»

«አይጠፉማ! እያንዳንዱ ሰዓቱን እንደያዘ ዳታቤዙ ውስጥ ተራውን ይጠብቃል። መስመሩ ሲመለስ ድልድዩ ካቆመበት ይቀጥላል። እኔና እሱ ሦስት ወር የለፋነው ለዚህ ነበር።»

«ይህን ለማን ነገርክ?»

«ለእርስዎ ብቻ። ፈርቼ ነው።»

«የእሱን ፓስወርድ ማን መቀየር ይችላል?»

«ራሱ፣ እኔ፣ ኃላፊው። እሳቸው ለክፉ ቀን ብለው ሥልጣኑን ወስደዋል።»

መርፌ ወደ ኃላፊው ቢሮ ሄደች። «ዛሬ የክላውዱ ግንኙነት ተቋርጦ ነበር ይባላል። ምን ይመስልዎታል?»

«እንጃ። ሟቹ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዝንጉ ቢጤ ነበር። ፓስወርዱን ቀይሮ ለድልድዩ መስጠት ረስቶ ይሆናል።»

አመስግናው ወጣች። የሟቹን መሳቢያ ስትከፍት የማቀዝቀዣው ሙቀት የተመዘገበበት ወረቀት አገኘች፤ ያለፈው ወር ሁለት ቀናት በቀይ ተከበው፣ ከጎናቸው «የሕፃናት ክትባት፣ ተሠራጭቷል» ተብሎ ተጽፏል።

ከዚያ ሁሉንም ምድር ቤት፣ መስኮት በሌለው የኮምፒውተር ክፍል ሰበሰበቻቸው። በሩን ዘጋችው። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ሰው የሰው ትንፋሽ ይስባል።

«ስልኩ አልተዘጋም» አለች። «አራት ተኩል ላይ ልጃቸው ደውላ አንስተዋል።»

ሴትዮዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ማስጠንቀቂያው ያልደረሰው ድልድዩ ስለተቋረጠ ነው። የኮምፒውተሩን መዝገብ አይቻለሁ፤ ሟቹ ሦስት ተኩል ላይ በካርዱ ገብቷል። ፓስወርዱ የተቀየረው ሦስት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ላይ ነው። በረዶ ውስጥ ተዘግቶበት፣ ያለ ኮምፒውተር፣ እንዴት አድርጎ ይቀይረዋል? ሽብልቁን ነቅሎ ግድግዳ ያስደገፈ ሰው ነው የቀየረው። የሚችሉት ሁለት ሰዎች ቀርተዋል።»

ሽቦ ፊቱ አመድ መሰለ።

«አንተ አይደለህም። መልእክቶቹ እንደማይጠፉ ታውቃለህ፤ ራስህ ጠግነህ አሥራ አራት ምስክር በራስህ ላይ አትለቅም። ይህን ያደረገው፣ የተቋረጠው ለዘላለም ይቀራል ብሎ ያሰበ ሰው ነው።» ወደ ኃላፊው ዞረች። «እኔ ስለ ግንኙነት ጠየቅሁዎት። ፓስወርድ የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም። ከየት አመጡት?»

ኃላፊው በሩን አየ። ፖሊሱ በሩ ላይ ነው።

«ማቀዝቀዣው ጠፍቶ የሕፃናት ክትባት ተበላሽቶ ነበር» አለች። «እርስዎ ግን አሠራጩት።»

«መዝገቡን ደምስሰው ብለውት ነበር!» አለ ሽቦ። «እንቢ ማለቱን ነግሮኛል። ነገ ሊያመለክት ነበር።»

«ሁለት ቀን ብቻ ነው የሞቀው» አለ ኃላፊው በቀስታ። «ሁለት ቀን ምን አላት? ስንት ዓመት የለፋሁበት ቦታ...»

ኃላፊውን ይዘውት ወጡ። ሽማግሌው ከተቀመጠበት አልተነሳም።

«አባዬ» አለች ልጁ። «ተነስ፣ ነፃ ነህ አሉህ እኮ። አላመንኩህም፣ ይቅር በለኝ።»

«ሰማሁ ልጄ። እሱ በሩን ሲደበድብ እኔ ከግድግዳው ማዶ፣ አሥራ ሁለት እርምጃ ላይ ወንበር አውጥቼ ፀሐይ ስሞቅ ነበር። ፖሊሱስ ለቀቀኝ፤ ከዚያ ወንበር ላይ ማን ያነሳኛል?»

ከእግሩ ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጠችና ቀኑን ሙሉ ላለማየት የሸሸችውን ፊት በሁለት እጇ ያዘች።