የኦቦ ሞረዳ ደም

ማመን አለማመን የእናንተ ነው... ግን ይህ ነገር ሆኗል። ድርቤ ራሷ ናት የነገረችኝ።

ባለፈው ክረምት፣ ነቀምቴ፣ አንድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውስጥ። ሌሊት እንዳይመስላችሁ... ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው።

ድርቤ የላብራቶሪ ባለሙያ ናት። ያደታ የሚባል ሰው አባቱን ኦቦ ሞረዳን ከአርጆ ደጋግፎ አመጣቸው። አዛውንቱ አቅም የላቸውም... ግን ያወራሉ፣ ይስቃሉ።

"ኢንታላ ኮ... ልጄ፣ ራበኝ" አሏት።

ክንዳቸውን ስትይዘው እንደ ጭቃ ይቀዘቅዛል። ጣቷ ያረፈበት ቆዳ ጎድጉዶ ቀረ... አልተመለሰም።

መርፌውን አስገባች።

ቀይ ደም አልመጣም። ቡናማ ነው... ወፍራም። እንደ ንፍጥ እየተጎተተ ብልቃጡ ውስጥ ገባ።

ሽታው... ፀሐይ ላይ የዋለ የበግ አንጀት።

አዛውንቱ ክንዳቸው ላይ የቀረችውን ጠብታ በጣታቸው ጠረጉና... ላሷት።

ድርቤ ላክቴት የሚባለውን ምርመራ ሠራች። ይህ ቁጥር በጣም ከፍ ካለ፣ በተለይ በአዛውንት ላይ፣ ሐኪሞች ተስፋቸው ይመነምናል።

ማሽኑ ቁጥር እንኳ አልሰጣትም። "ከልኬት በላይ" አለ።

ደገመችው። ያው ነው።

ዶክተር ሊሊሴ ውጤቱን አይታ ተቆጣች።

"ይሄ የሬሳ ደም ነው። ናሙና ተምታቶብሻል።"

"ራሴ ነኝ የቀዳሁት።"

አብረው ሄዱ። የአዛውንቱ ዓይን ተከድኗል። አፋቸው ግን ይንቀሳቀሳል... ያለ ድምፅ።

ዶክተሯ ማዳመጫዋን ደረታቸው ላይ አኖረች። ቆየች... ቦታ ቀየረች... ፊቷ አመድ መሰለ።

ያደታ ድርቤን ወደ ኮሪደር ሳባት።

"እህቴ... ለማንም አትንገሪ።" በሹክሹክታ ነው።

"ምኑን?"

"አባቴ ትናንት ጠዋት ነው የሞተው።"

"ምን ትላለህ!"

"አጥበን ገነዝነው... ድንኳን ተከልን... ማውራቱን ግን አላቆመም። እንዴት አድርገን እንቅበረው?"

ድርቤ አፏን ይዛ ሮጠች። ግቢው ውስጥ አስመለሳት።

ስትመለስ የአዛውንቱ አፍ ቆሟል። ያደታ አላለቀሰም። አንሶላውን ፊታቸው ላይ ሳበና "ጌታ ይመስገን" አለ። ሬሳውን ጭኖ ወደ አርጆ ሄደ።

ድርቤ ያንን ደም ልትጥል ላብራቶሪ ገባች። ጓንት አጠለቀች... ብልቃጡን አነሳች።

ደሙ ቀልቷል። እንደ ሕፃን ደም ደምቋል... ግማቱ ግን ያው ነው።

መዳፏ ውስጥ ሞቃት ነው።

ድም... ድም... ድም... ይመታል።