ልብስ የለበሰው ስብሰባ

ለጋምቤላ ከተማ ነዋሪዎች በሙሉ፦ የነጭ ወንዝ ጥጥ ኩባንያ ቴሌቪዥን አዲስ ልብስ መልበሱን በታላቅ ደስታ እናበስራለን። ልብሱ ቀይ ከፋይ ሲሆን ጣዎስ ተጠልፎበታል፤ ጠላፊዋም ጸሐፊዋ ወይዘሮ ሺታዬ ናቸው። የእርሻ ኃላፊው አቶ ረድዋን በዚሁ ቴሌቪዥን ሥር በኤሌክትሪክ ስታብላይዘር ተመትቶ ሞቶ መገኘቱ ግን በማስታወቂያው አልተካተተም።

ዘመኑ 1997 ዓ.ም. ነው። ኩባንያው አዲስ አበባ ካለው ዋና መሥሪያ ቤት ጋር በሳተላይት እየተያየ ይሰበሰባል። ስብሰባው ሲያልቅ ሺታዬ ቴሌቪዥኑንም አናቱ ላይ ያለችውንም ካሜራ ታለብሳለች፤ ሥራ አስኪያጁ አቶ ወንዳፍራሽ «ተዘጋ» ይላል፤ በቃ፣ ተዘጋ።

ኢንስፔክተር ኦቻን መቀመጥ አይሆንለትም። ሬሳው ከተነሳ በኋላም ክፍሉን ይዞር ነበር፤ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ ጣዎሱ።

«ጋሼ፣ ተቀመጡ እንጂ፣ አዞሩኝ» አለች ሺታዬ።

«ጣዎሱ በጭንቅላቱ ነው የሚቆመው?»

ሺታዬ ቀና ብላ አየችና ጮኸች። «ማነው የዘቀዘቀብኝ! እኔ አይደለሁም! ለጥልፉ ስድስት ወር ዓይኔን አጥፍቻለሁ!»

«ትናንት ካለበሽው በኋላስ?»

«ገበያ ወጣሁ። አቶ ረድዋን ብቻውን ቀረ።»

ወንዳፍራሽ ላቡን እየጠረገ ገባ። «ምን ያደክምሃል ኢንስፔክተር? እኔ ወደ ባሮ ወንዝ ዳር ወርጄ ነበር። የምንመክርበትን መሬት ሁሉ ተፎካካሪያችን ቀድሞን ይጠይቃል። ስብሰባችንን ሰርጎ ለመስማት የሚያስፈልገው የመስመሩ ሚስጥር ቃል ያለው ቾል ጋ ነው። ረድዋን ደረሰበት፣ እሱም ገደለው። አለቃህም ከሰዓት ፍርድ ቤት ይቅረብ ብሏል።»

የመስመሩ ቴክኒሻን ቾል እጁ በካቴና ታስሮ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሏል።

«ሚስጥር ቃሉን ለማን ትሰጣለህ?» አለው ኦቻን።

«በየሳምንቱ እቀይራለሁ። ለሥራ አስኪያጅ ብቻ እሰጣለሁ። በዚህ ሳምንት ረድዋን ‹አትስጠው› አለኝ። አልሰጠሁም። በየቀኑ ራሴ ከፈትኩ።»

«ተፎካካሪውስ?»

«ሳምንቱን መሬት አልጠየቀም። የመጀመሪያ ጊዜ።»

«ስብሰባው ሲያልቅ መስመሩን ዘጋህ?»

«አይ። ረድዋን ‹ተወው፣ ከአዲስ አበባ ጋር ለብቻዬ አወራለሁ› አለ። እኔ የመስመሩ ገመድ ባለበት ክፍሌ ነበርኩ፤ ብቻዬን።»

ኦቻን የዋናውን መሥሪያ ቤት ጸሐፊ አባይነሽን በስልክ አገኛት። «ረድዋን ‹ሰዎቹ ይውጡና ሚስጥር የሚያወጣው ማን እንደሆነ እነግርሻለሁ› አለኝ» አለች። «ከዚያ አንድ ነገር ዷ አለ። ‹አቶ ረድዋን፣ ምን ወደቀ?› ብዬ ጮህኩ። ትንሽ ቆይቶ መስመሩ ተቋረጠ። ማሽኑ የተበላሸ መስሎኝ ነበር።»

ከቀትር በፊት ሦስቱን ክፍሉ ውስጥ ሰበሰባቸው። አባይነሽንም ቾል መስመሩን ከፍቶ በቴሌቪዥኑ አመጣት። ኦቻን እየተንጎራደደ ጀመረ።

«ረድዋን ሲመታ መስመሩ ክፍት ነበር። ቾል ይህን ያውቃል፤ የተወውም እሱ ነው። አዲስ አበባ እየሰማች ሰው የሚገድል ቴክኒሻን አላየሁም። ገዳዩ ልብስ የለበሰ ቴሌቪዥን ጆሮ የለውም ብሎ የሚያምን ሰው ነው።»

«እኔም አምን ነበር!» አለች ሺታዬ ደንግጣ።

«ታምኚ ነበር። ገዳዩ ግን ከከፋዩ ሥር ‹ምን ወደቀ?› የሚል ድምፅ ሰማ። ልብሱን ገልጦ ማጥፊያውን ተጫነ፤ መልሶም አለበሰ፤ ጣዎሱን ዘቅዝቆ። ቾል ቢሆን ወደ ራሱ ክፍል ሄዶ ገመዱን ይነቅል ነበር፤ ልብሱን መንካት አያስፈልገውም። አንቺ ደግሞ ብትቸኩዪም ጣዎስሽን አትዘቀዝቂም።»

ሁሉም ወደ ወንዳፍራሽ ዞረ።

«ቃሉን ለተፎካካሪው የሚያቀብለው እሱ ነው» አለ ኦቻን። «እሱ ቃሉን ሲያጣ፣ ተፎካካሪው መጠየቁን ሲተው፣ ረድዋን አወቀ። ወንዳፍራሽም ማወቁን አወቀ፤ ከባሮ መንገድ ተመለሰ።»

ወንዳፍራሽ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። «ተናገረ እኮ» አለ ቀስ ብሎ። «ልብሱን ለብሶ ተናገረኝ።»

ካቴናው ከቾል እጅ ወደ እሱ እጅ ተዛወረ። ቾል አንጓውን እያሻሸ ተነሳ።

«እንኳን ለቤትህ አበቃህ!» አለች አባይነሽ ከቴሌቪዥኑ። «በል ቾል፣ የአዲሱን ሳምንት ቃል ንገረኝና እንገላገል።»

ቾል ሺታዬን አየ፣ ኦቻንን አየ፣ ክፍቱን መስኮት አየ፤ ሁሉም ጆሮ አለው።

«አልናገርም።»

«ለእኔ? ለዋናው መሥሪያ ቤት? እኮ ለምን?»

«አላብራራም።»