ባለ ሁለት ቋጠሮው ክር

«ወጌሻ ማን ጥሪ አለሽ? እኔ ሞቻለሁ እንዴ?» አላት ልጅየው እናቱን።

«እህትህ ስታቃስት ሰማኋት! እናት ነኝ፣ ምን ላድርግ?»

«መድኃኒቷን ስጪያት። ማንኪያ ሙሉ፣ ጠዋትና ማታ። ሥራሽ ይኸው ነው።»

«ስሰጣት ትተኛለች እንጂ መቼ ይሻላታል? ዓይኗን ገልጣ እማዬ ካለችኝ አሥር ቀኗ እኮ ነው!»

ወጌሻዋ በሩ ላይ ቆመዋል። ይግቡ ያላቸው የለም። ሰባ ዓመታቸው ነው፤ አርባውን ከአውራ ጎዳናው ዳር ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ የሰው እጅና እግር ሲያቃኑ ኖረዋል። ሰው ፊታቸው ሲጣላ አዲስ ነገር አይደለም። አጥንት በተሰበረበት ቤት ሁሉ ሆስፒታል የሚልና ወጌሻ የሚል አይጠፋም። እዚህ ቤት ግን ልጅየው የሚለው ሆስፒታልም ወጌሻም አልነበረም።

ሰፈሩ «ዶክተሩ» ይለዋል። ሕክምና አልተማረም። «አጥንት ገጣሚ» የተባለ ዱቄት በጠርሙስ እያሸገ ይሸጣል፤ ነጭ ጋውኑን ግን ለምሳ ሲወጣ እንኳ አያወልቀውም።

«እማማ፣ አይቀየሙኝ፤» አላቸው ድምፁን አለስልሶ። «የእርስዎ ዘመን አልፏል። በእንጨትና በቅቤ የሚድን እግር አይደለም ይሄ።»

«ጀሶውን ማን ፈታው?» አሉ ወጌሻዋ።

«የቱን?»

«ሆስፒታል ያሰረላትን። ያው ጥግ ላይ ተሰንጥቆ ወድቋል።»

«መድኃኒቱ ቆዳዋን መንካት ስላለበት ነው።»

«ሐኪሙ ፈቀደ?»

«እኔ ፈቀድኩ። በሦስተኛው ቀን ፈርሜ ያወጣኋትም እኔ ነኝ። ታላቅ ወንድሟ ነኝ አይደል?»

ስልኩ ጠራ። ደንበኛ ነበር። ወደ ግቢው እየወጣ ዞር አለ። «ስመለስ እዚህ እንዳላገኝዎት።»

ወጌሻዋ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ።

ልጅቷ በጀርባዋ ተኝታለች። ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ የላብራቶሪ ባለሙያ ናት። ከአሥራ ሦስት ቀን በፊት፣ ዓርብ ከሥራ ስትመለስ፣ አንድ መኪና ገጭቷት አምልጧል። አሁን ቀኝ እግሯ ከጉልበት እስከ ቁርጭምጭሚት በጨርቅ ተጠፍሯል። ከጨርቁ ሥር ቡናማ ዱቄት እንደ ጭቃ ደርቋል። ጣቶቿ ጠይመዋል። ወጌሻዋ ነኳቸው። ቀዝቃዛ ነበሩ።

«ማነው እንዲህ ጥርቅም አርጎ ያሰራት?»

«እሱ ነው፣ እትዬ። እኔማ መንካትም እፈራለሁ።»

ጨርቁን በመቀስ ሸረከቱት። ደም ወደ ጣቶቿ መመለስ እስኪጀምር በትዕግሥት ጠበቁ። ከዚያ ከኪሳቸው የጥጥ ክር አወጡ። ወጉ ይኼ ነው፦ ክሩ ከተረከዝ ይነሣል፤ ጉልበት ላይ አንድ ቋጠሮ፣ ስብራቱ ላይ ሌላ ቋጠሮ። መደገፊያ እንጨቱ የሚቆረጠው በዚያ ልክ ነው።

የመጀመሪያውን ቋጠሩ። ሁለተኛውን ሊቋጥሩ ሲሉ እጃቸው ቆመ። ስብራቱ ከጉልበቷ በታች አራት ጣት ብቻ ነበር።

«በምን መኪና ነው የተመታችው?»

«በታክሲ። በዚያች በትንሿ። ሰውየው ታስሯል።»

ወጌሻዋ ሁለተኛውን ቋጠሮ አጠበቁ። ትንሽ ታክሲ የመታውን ሰው እግር በነዚህ እጆቻቸው ስንቴ አቃንተዋል። ከባት ወደ ታች ነው የሚሰብረው። እዚህ ድረስ አይደርስም።

ከውጭ ዶክተሩ ስልኩ ላይ ሳቀ። በዚያች ቅጽበት የልጅቷ እጅ ከአንሶላው ሥር ወጥቶ የወጌሻዋን ጣት ጨመደደ። እንደ ሕፃን ሳይሆን ገደል ጫፍ ላይ እንደ ቀረ ሰው ነበር አያያዟ።

ጎንበስ አሉ። «ማንን ነው የምትፈሪው ልጄ?»

ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። «ከሱ ጋር... አይተዉኝ።» ዓይኖቿ በግድ ተገልጠው ወደ መስኮቱ ዞሩ፤ መልሰው ተከደኑ።

መስኮቱ ሥር አንድ ፒክአፕ አፍንጫውን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቆሟል። ሸራ ለብሷል።

«ይኼ መኪና ከመቼ ጀምሮ ነው የቆመው?» አሏት ወጌሻዋ እናትየዋን።

«ባትሪው ከሞተ ወር አልፎታል ይላል።»

«ይላል? አንቺስ?»

እናትየዋ የሌለ እድፍ ከቀሚሷ ላይ ማራገፍ ጀመረች። «እኔ ስለ መኪና ምን አውቄ፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ስሚኝ። ዛሬ ከዚያ ዱቄት እንዳትሰጪያት። የዳቦ ዱቄት በጥብጠሽ ስጪያት። ይኼ እግር ዛሬውኑ ሆስፒታል ካልገባ አይተርፍም። እሷም እንጃ። ሰው ይዤ እመጣለሁ።»

«ካወቀብኝስ?»

ወጌሻዋ የተፈታውን እግር በአንሶላው ሸፍነው፣ ክሩን እየጠቀለሉ ወጡ።

*

«እማማ፣ በክር ነው ሰው ሊያስፈቱ የመጡት?» አለ የፖሊስ ጣቢያው ሳጅን። ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን ክር በእስክሪብቶው ጫፍ ነካ አደረገው።

«ለማስፈታት አይደለም የመጣሁት። ሰው ሳይሞት ድረሱ ልላችሁ ነው።»

«ገጪው ተይዟል እኮ። የፊት መብራቱ ተሰብሮ ነው ያገኘነው። ድንጋይ ነው ይላል፤ ሁሉም ድንጋይ ነው የሚሉት።»

«መኪናው እዚህ አለ?»

«ከነአቧራው።»

«እንግዲያው ተነሥ። ሦስት ደቂቃ ነው። እግርህ ደህና አይደል?»

ሳጅኑ እየሳቀ ተነሣ። ግቢው ውስጥ ትንሿ ታክሲ ቆማለች። ወጌሻዋ የክሩን ጫፍ መሬት ላይ በእግራቸው ረገጡና ወደ ላይ ወጠሩት። ሁለተኛው ቋጠሮ ከታክሲዋ የፊት ፓራውልት በላይ አንድ ስንዝር ተርፎ ቆመ።

የሳጅኑ ሳቅ ጠፋ።

«ስብራቷ ያለው ቋጠሮው ጋ ነው፤» አሉ ወጌሻዋ። «ረጅም መኪና ነው የመታት። ከአልጋዋ አጠገብ፣ ከመስኮቷ ሥር፣ በሸራ የተሸፈነ ፒክአፕ አለ። የወንድሟ ነው።»

«የወንድሟ?» ሳጅኑ ለአፍታ አሰበ። «እሱ እዚህ መጥቶ ደረቱን ሲደቃ ነበር። የታክሲውን ታርጋ...»

አላስጨረሱትም። «ታርጋውን ማን ሰጣችሁ?»

ሳጅኑ «ራሱ!» ብሎ ወደ ቢሮው ሮጠ። ሲመለስ ሁለት ፖሊሶችና በፕላስቲክ ከረጢት የታሸገ የኤግዚቢት ዕቃ ይዟል።

*

አሥር ሰዓት ላይ ዶክተሩ ከሱቁ ተመለሰ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ጠጣች?»

«ጠጥታለች፤» አለች እናትየዋ።

ልጅቷ ዓይኗን ጨፍናለች። ከአሥር ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጭንቅላቷ ጠርቷል። ሕመሙ እንደ ጋለ ምስማር እግሯን እየወጋው ነው፤ ግን አላቃሰተችም። ካቃሰተች ያውቃል። ትንፋሿን እየቆጠረች ታወጣለች። የወንድሟን የላብና የሳሙና ሽታ ከፊቷ በላይ ታሸተዋለች።

«መድኃኒት የጠጣ ሰው እንዲህ አይተነፍስም፤» አለ ዶክተሩ።

ብርጭቆውን አነሣ። ታች የቀረውን በጣቱ ዛቅ አድርጎ ቀመሰው። ደግሞ ቀመሰው።

«እማ። ይኼ አይመርም።»

«እ... በደንብ ስላልበጠበጥኩት ይሆናል።»

«ዳቦ ዳቦ ይላል እኮ፣ እማ።»

አልጮኸም። ቢጮህ ይሻላት ነበር። ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ አዲስ ጠርሙስ አወረደ። ማንኪያ አልፈለገም፤ የጠርሙሱን ግማሽ ብርጭቆው ውስጥ ገለበጠው። ውሃ ጨመረና መበጥበጥ ጀመረ።

«ልጄ፣ በዛ እኮ፤» አለች እናትየዋ።

«አንቺ ቀና አድርጊያት። እኔ አጠጣታለሁ።»

እናትየዋ አልተንቀሳቀሰችም። አልከለከለችውምም። ልጅቷ ትንፋሿን ያዘች።

የግቢው በር ተደበደበ።

*

«ለምርመራው ብለን ነው፤» አለ ሳጅኑ ሸራውን እየገለጠ። «ግቢ ውስጥ ያለ መኪና ሁሉ ይታያል።»

«ሳጅን፣ ወር ሙሉ ቆሞ የከረመ መኪና ነው። ባትሪ የለውም።» ዶክተሩ ብርጭቆውን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀምጦ ነበር የወጣው። መስኮቱ ክፍት ነው።

«ቁልፉን እስቲ።»

«ሞቷል እያልኩዎት!»

«የሞተን ማየት ምን ይጎዳል?»

ሳጅኑ ገብቶ ቁልፉን አዞረ። የፊት መብራቶቹ በሩ። ግድግዳው ላይ ሁለት ነጭ ክብ ሠሩ።

«ሙታን ሲነሡ አየን፤» አለ አንደኛው ፖሊስ።

«ትናንት... ትናንት ነው ያስገጠምኩት።»

«መልካም። እማማ፣ ክሩን።»

መኪናውን ከግድግዳው አራቁት። ወጌሻዋ ክሩን ረግጠው ወጠሩት። ቋጠሮው ከፓራውልቱ የታች ጠርዝ ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ ቀረ። ዶክተሩ በረጅሙ ተነፈሰ፤ ፈገግም አለ።

«አልገጠመም። እማማ፣ ልብስ ሰፊ ቢሆኑ ይሻልዎት ነበር።»

ወጌሻዋ ክሩን ዳግም ወጠሩት፤ ያው ነው። ተሳስተው ከሆነ፣ እነዚህ ሰዎች ይሄዳሉ። በሩ ይዘጋል። ልጅቷ ከዚያ ብርጭቆ ጋር ትቀራለች። እግራቸውን ወደ ታች ተመለከቱ። ባዶ እግራቸውን ነበሩ፤ ልጅቷን ለማየት ሲገቡ፣ ቅድም እንዳደረጉት ሁሉ፣ ጫማቸውን በሩ ላይ አውልቀዋል።

«በባዶ እግሯ ነው የለካኋት፤» አሉ። «ከሥራ ስትመለስ ግን ባዶ እግሯን አልነበረችም።»

ሳጅኑ ከረጢቱን ቀደደ። ከአስፋልቱ ላይ የተነሣው የሥራ ጫማዋ ነበር፤ ወፍራም የጎማ ሶል ያለው። መሬት ላይ አቆመውና ክሩን ከውስጡ፣ ከተረከዙ አስነሥቶ ወጠረ።

ቋጠሮው ልክ ፓራውልቱ ላይ አረፈ።

«ልክ ነው፤» አለ ሳጅኑ ቀስ ብሎ። «ልክ መሆኑ ነው ያስፈራኝ። ፍሬን የያዘ መኪና አፍንጫውን ይደፋል። ዝቅ ብሎ ነበር የሚመታት። ይኼ ግን እንደ ቆመ፣ ቀጥ እንዳለ ነው የመታት። የገጫት ሰው ፍሬን አልያዘም። እየፈለገ ነው የገጫት።»

«ይዣለሁ!» አለ ዶክተሩ። «ፍሬን ይዣለሁ እኮ!»

ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው የሰማው።

ከመስኮቱ ውስጥ የደከመ፣ ግን ጥርት ያለ ድምፅ መጣ።

«አልያዝክም፣ ጋሼ። ዞር ብዬ አይቼሃለሁ። አንተም አይተኸኛል።»

*

የቀረውን ልጅቷ እዚያው አልጋዋ ላይ ሆና፣ በየመሀሉ ጥርሷን እየነከሰች ተናገረች።

አንድ ግንበኛ እሷ ወደምትሠራበት ሆስፒታል መጥቶ ነበር። እግሩ ተሰብሮ ሳለ ሦስት ሳምንት ሥራ ላይ ቆሟል። ስላላመመው ድኛለሁ ብሎ ነው። አጥንቱ ቆዳውን ቀድዶ ሲወጣ ነው የመጣው፤ እግሩ ተቆረጠ። ኪሱ ውስጥ የወንድሟ ጠርሙስ ነበር። ዱቄቱን መረመረችው። አጥንት የሚገጥም ነገር የለበትም፤ የተፈጨ የሕመም ማስታገሻና የእንቅልፍ መድኃኒት ነው።

«ሐሙስ ለሱ ነገርኩት። ወንድሜ ስለሆነ አስቀድሜ ለሱ። ሰኞ አመለክታለሁ፣ እስከዚያ ራስህ ዝጋው አልኩት። እሺ አለኝ። ሳመኝም።»

ዶክተሩ እጁ በካቴና ታስሮ ግድግዳው ሥር ተቀምጧል። ከገጫት በኋላ ሰው ሲሮጥ ስላየ መኪናውን ሳያቆም አመለጠ። ሆስፒታል ስትነቃ እንዳትናገር አወጣት። ቤት ውስጥ በዚያው ዱቄት አስተኛት።

«አሥር ቀን ሙሉ ምን ትጠብቅ ነበር?» አለው ሳጅኑ።

«እንድትረሳ።» ቀና አላለም። «ብዙ ከተኛች ትረሳዋለች ብዬ።»

«ዛሬስ? ግማሽ ጠርሙሱስ?»

ዶክተሩ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አንደኛው ፖሊስ ብርጭቆውን ከመስኮቱ ደፍ ላይ በጨርቅ ይዞ አነሣው። ዶክተሩን ወደ ፖሊስ መኪናው ወሰዱት።

አምቡላንሱ ሲደርስ ግቢው በጎረቤት ሞላ። አንዱ በሩን ያዙ ይላል፤ ሌላው ቀስ በሉ ይላል፤ ሦስተኛው ከመጀመሪያውም ጠርጥሬው ነበር ይላል። ወጌሻዋ የልጅቷን ተረከዝ በመዳፋቸው ደግፈው ሁሉንም ይሰድባሉ። «ቀጥ አድርጉት! በሬ ነው የምትጭኑት?» ጣቶቿን ዳሰሱ። ሞቅ ብለዋል።

«ይቆረጣል?» አለቻቸው ልጅቷ።

«እኔ እንጃ። ሐኪሞቹ ይዩት። እኔ አብሬሽ ነኝ።»

ቃሬዛው ተነሣ። ሰው ሁሉ ወደ አምቡላንሱ ተጋፋ።

በዚህ መሀል እናትየዋ ከቤት ወጣች። የወንድ ልጇን ሹራብና ካልሲ አጣጥፋ ክንዷ ላይ ይዛለች። በጎን ባለችው ትንሽ በር ወጥታ ዘጋቻት፤ የፖሊስ መኪናው በሄደበት መንገድ፣ የግንቡን ጥላ ይዛ፣ ፈጠን ፈጠን እያለች ሄደች።