ከጋቢ ሥር የቀረ ዋጋ

ደላላው አደም ሞቶ የተገኘው ራሱ ባሻሻጠው ባዶ ቤት ውስጥ ነው። ዳኛው ባላምባራስ ኃይለመስቀል ተጠርቶ ሲደርስ ጎባ ገና ከጉም አልወጣችም። ደጁ ላይ ግን ሰዉ ግጥም ብሎ፣ ሬሳውን ያገኘውን የግቢውን ገባር ቦሩን የፊጥኝ አስሮ ይጠብቅ ነበር።

«እሱ ነው ጌታዬ» አለ ጸሐፊው ገብረ መድኅን፣ ቤቱን በዋዜማው የገዛው ሰው። «መሬቱ የአባቱ ነበር። ቤቱ ተሸጠ፣ እሱም መባረሩን አወቀ። ሌላ ምን ምስክር ያሻል?»

የመሬቱ ነገርስ እውነት ነው። ሠራዊቱ ባሌን ይዞ ሲሰፍር ቦታው ከነቦሩ ለአንድ ወታደር ተሰጠ። ወታደሩ ቤት ሠራበት፣ ሞተም፤ ሚስቱ እኅተማርያም አገሯ ልትገባ ብላ ሸጠችው። ሲሰጥም ሲሸጥም ቦሩን የጠየቀው የለም። አሁን ደግሞ ገዳዩ ካልተገኘ ገመዱ ለእሱ ነው፤ ለገባር ማን ይቆምለታል!

ኃይለመስቀል ጎንበስ ብሎ ሬሳውን አየ። አደም አናቱን በድንጋይ ተመትቶ፣ መደቡ ላይ እንደተቀመጠ ወደ ጎን ወድቋል። ቀኝ እጁ ወደፊት ተዘርግቶ ጋቢው ሸፍኖታል። ሌላው ይህን አይቶ አለፈው፤ ዳኛው ግን ቶሎ አልተነሣም።

አደም የጊኒር ከብት ነጋዴ ነበር። ዓይኑን ሞራ ሲጋርደው ከብቱን ትቶ ደላላ ሆነ፤ የጊኒርን ገበያ ወግ ግን አልተወም። ዋጋ በአፍ አይነገርም። ገዢ እጁን ከጋቢ ሥር ይሰዳል፣ ደላላው ዳብሶ ይቆጥራል፤ አንድ ጣት አሥር ብር፣ የታጠፈ ጣት አምስት። ያልቀናው ገዢ ስንት እንደሰጠ ከሻጩ በቀር ማንም አይሰማም።

ዳኛው አንድ በአንድ ጠየቀ። እኅተማርያም የቀረቡት ሁለት ዋጋዎች ብቻ እንደነበሩ፣ የጸሐፊው አርባ አምስት፣ የሌላው አርባ እንደሆነ፣ ይህንንም ለነፍስ አባቷ እንኳ እንዳልነገረች በማርያም ማለች። ጸሐፊው ዋጋውን በየጠላ ቤቱ ሲፎክርበት ማምሸቱን አልካደም። ቦሩን በኦሮምኛ ጠየቀው።

«አደም እጄን ይዞ አያውቅም» አለ ቦሩ። «የምሰጠው ምን አለኝ?»

የቀረው ሌላው ገዢ ነው፤ ባሻ ገብረወልድ፣ የኃይለመስቀል የዘመቻ ጓደኛ። በጦርነቱ ጊዜ ለኃይለመስቀል ደረት የተወረወረ ጦር በቀኝ እጁ መልሶ፣ ትንሿን ጣት እዚያው ጥሏት ቀረ። ስለ ቤቱ ሲጠየቅ ትከሻውን ሰበቀ።

«እኔ አርባ ሰጠሁ፣ እሱ አርባ አምስት። ተበለጥሁ፤ ሰው በዚህ ይገድላል?»

ኃይለመስቀል ክው አለ። ከሽያጩ በፊት ይኸው ሰው ወደ ኃይለመስቀል ቤት መጥቶ፣ ጠላውን ይዞ፣ ፊቱ በርቶ «ሃምሳ ሰጥቻለሁ፤ ከእንግዲህ በሰው ጎጆ አልሞትም» ብሎት ነበር። ይህን የሰማ ሌላ ጆሮ የለም። ዝም ቢል ጓደኛው ይድናል፣ ቦሩም ይሰቀላል። በዕድሜው እንደዚያን ቀን ዳኝነቱን ጠልቶት አያውቅም።

በማግስቱ አውጫጭኝ ተጠራ፤ አገሬው ገዳዩን ሊያወጣ ሜዳው ላይ ተቀመጠ። ኃይለመስቀል መሐል ቆመ።

«አደም የሞተው እጁን ከጋቢ ሥር ዘርግቶ ነው» አለ። «እንዲህ የሚቀመጠው ዋጋ ሲቀበል ነው። ቦሩ ገዢ አይደለም። ጸሐፊው ቤቱን ገዝቶ ጨርሷል፣ ሻጯም ከደላላ ጋር እጅ አትያያዝም። የመጣው ሰው ‹እስቲ እንደገና ቁጠር› ያለ ነው።» ወደ ገብረወልድ ዞረ። «አንተ ለእኔ ሃምሳ ሰጠሁ ብለሃል። ከአደም ሞት በኋላ ደግሞ አርባ አልህ። ለመሸሸግ ከሆነ ሠላሳ ማለት ትችል ነበር። አርባን የሚያውቁት አደምና እኅተማርያም ብቻ ናቸው፤ እሷ አልተናገረችም። አደም መቼ ነገረህ?»

ኃይለመስቀል ጋቢውን ዘረጋ።

«በል፣ ለእኔም ሃምሳ ስጠኝ።»

ገብረወልድ እጁን እስከ አንጓው ሰደደ። ዳኛው ዓይኑን ጨፍኖ ዳበሰ፣ ጣቶቹን አንድ፣ ሁለት ብሎ ቆጠረ፤ አራተኛው ላይ ቆመ።

«አርባ» አለ።

«እሱም እንዲሁ አለኝ» አለ ገብረወልድ፣ እጁን ሳያወጣ። «ጸሐፊው ከእኔ ባነሰ ገዛው ሲሉኝ አደምን ወደ ባዶው ቤት ወስጄ እንደገና ቁጠር አልሁት። ቆጠረና ‹ጌታዬ፣ አንድ ጣት የለዎትም› አለኝ። ለእኔ ሙሉ እጄ ነበር። ያላገጠብኝ መሰለኝ፣ ድንጋዩን አነሣሁ።»

የአደም ዘመዶች ከጊኒር እስኪመጡ የገዳዩ ቁራኛ ሆኖ ማን ይጠብቀው ተባለ። ሰዉ ሁሉ አቀረቀረ። «እኔ» አለ ኃይለመስቀል፤ የጋቢውን ጫፍ ከጓደኛው ኩታ ጋር አጥብቆ ቋጠረ። ወዲያ ማዶ ቦሩን ሲፈቱት ጸሐፊው ጠጋ ብሎ ቤቱን ልገባበት ነውና ግቢውን እስከ ቅዳሜ ልቀቅ አለው። ቦሩ የታሰረበትን ክንዱን እያሸ ሰማው።

ሁለቱ ያረጁ ጓደኛሞች እንደተቆራኙ ቁልቁለቱን ወረዱ። የተሸጠው ቤት ደጃፍ ሲደርሱ ገብረወልድ ቆመ፤ ኩታው ስለያዘው ኃይለመስቀልም ቆመ።

«ያችን ጣት ላንተ ባልሰጣት ኖሮ» አለ ገብረወልድ «ቤቱ የእኔ ነበር።»

ኃይለመስቀል ቋጠሮው እንዳይላላ በእጁ ይዞ፣ ጓደኛው ቤቱን አይቶ እስኪጠግብ ጠበቀው።